160 ምን? የ38 ተኩል ኪኒኖች ጉዳይ

ሥጋ ቤት የገባ ሰው «ግማሽ ቁረጥልኝ» ነው የሚለው። ኪሎ የምትለዋን ቃል ማንም አያነሳት። ቆራጩም «ግማሽ ምን?» ብሎ አይጠይቅም። መድኃኒት ቤትም እንዲሁ ነው። «አሞክሳሲሊን አምስት መቶውን ስጪኝ» እንላለን። ሚሊግራም ብሎ የጨረሰ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ሰጪም ተቀባይም የሚያውቁት ነገር ስለሆነ መለኪያው ይዋጣል።

የዛሬው ጉዳይ የሚነሳው ከእንዲህ ያለች የተዋጠች መለኪያ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ አንድ ኪኒን መዋጥ ሲገባው 38 ተኩል ዋጠ። ያዘዘችለት ሐኪም ሰነፍ አልነበረችም። ያጸደቀው ፋርማሲስት ግድ የለሽ አልነበረም። የሰጠችው ነርስ ነገሩ ግራ ገብቷት ነበር፤ ግን ሰጠችው። ቦታው ደግሞ መብራት የሚጠፋበት የገጠር ክሊኒክ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ጊዜው ጁላይ 2013 ነው፤ በእኛ የ2005 ክረምት።

ሥራዬ ሐኪሞችና ነርሶች የሚገለገሉባቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ማጥናት ነው። በትክክል ለመናገር፣ የማጠናው ፕሮግራሙን ሳይሆን በፕሮግራሙ ሲሠሩ ሰዎቹን ነው። የሙያው ስም ዩኤክስ ሪሰርቸር ይባላል። እናቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ለዚህ ይከፍሉሻል?» አለችኝ።

ወደ ሥራው አዲስ የሚገቡ ልጆች «ከምን ልጀምር?» ሲሉኝ ስለ ቀለምና ስለ ፊደል መጠን አላወራላቸውም። ይህን ጉዳይ ነው የምነግራቸው። ዝርዝሩ ሊታወቅ የቻለው ሆስፒታሉ ስላልደበቀው ነው። እዚያው የሚሠራው ሐኪም ሮበርት ዋክተር ሆስፒታሉን አስፈቅዶ፣ ሐኪሟን፣ ፋርማሲስቱንና ነርሷን አነጋግሮ በ2015 ለሕዝብ አወጣው። በሕክምናው ዓለም ይህን ያህል ራሱን ገልጦ ያሳየ ተቋም ብዙ አይገኝም። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ሁለት ጥሩ ደንቦች

ልጁ ኔሞ የሚባል፣ በዘር የሚወረስና እምብዛም የማይታይ በሽታ ነበረበት። በሽታው የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ኢንፌክሽን ይደጋግመዋል፤ አንጀቱም ያስቸግረዋል። ያን ቀን ሆስፒታል የገባው ለድንገተኛ ነገር አልነበረም። አንጀቱ በካሜራ ሊታይለት ነበር። ለዚያ ሆድ የሚያጥብ ፈሳሽ ሲጠጣ ማምሸት አለበት። ቤቱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም እዚያው እንዲቀጥል ይታዘዝለታል። ከእነዚህ አንዱ ሴፕትራ ነው። እኛ ዘንድ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ባክትሪም የምንለው ማለት ነው። የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደርብባቸው ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩት፣ ብዙ ቤት የሚታወቅ ኪኒን።

የልጁ ክብደት 38.6 ኪሎ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሆስፒታሉ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2012፣ ኤፒክ የሚባለውን የሕክምና መዝገብ ሥርዓት አስገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲገባ ሆስፒታሉ ራሱ የሚወስናቸው ብዙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ውሳኔ ይህ ነበር፦ ከ40 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደቱ ልክ ይሁን፤ ለአንድ ኪሎ ይህን ያህል ሚሊግራም ተብሎ። ጥሩ ደንብ ነው። ለ3 ኪሎ ጨቅላና ለ35 ኪሎ ልጅ እኩል መድኃኒት አይታዘዝም።

ሁለተኛው ደንብ የፋርማሲው ነው። በስሌት የወጣው መጠንና መደርደሪያ ላይ ያለው ኪኒን ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ፣ ፋርማሲስቱ በራሱ ሥልጣን አያጠጋጋም። ትዕዛዙን ወደ ሐኪሙ ይመልሳል። ይህም ጥሩ ደንብ ነው። ያልታዘዘ መጠን እንዳይሰጥ ይጠብቃል።

ያዘዘችው ሐኪም ሬዚደንት ናት፤ ገና ሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም ማለት ነው። ሬዚደንቷ በመጀመሪያው ደንብ መሠረት ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊግራም ብላ አዘዘች። 5 በ38.6 ሲባዛ 193 ነው። 193 ሚሊግራም የሆነ ኪኒን የለም። ያለው 160 ነው። ልዩነቱ 17 በመቶ ያህል ይሆናል። ፋርማሲስቱም በሁለተኛው ደንብ መሠረት መልእክት ላከላት፤ 160 አድርገሽ እንደገና እዘዢ የሚል።

እዚህ ድረስ ሁሉም የሚገባውን አድርጓል።

ሬዚደንቷ ትዕዛዙን እንደገና ከፈተች። ሳጥኑ ውስጥ 160 ብላ ጻፈች። ከሳጥኑ ጎን ያለችው መለኪያ ግን በ40 ኪሎው ደንብ ምክንያት ቀድማ ተመርጣ ነው የጠበቀቻት፦ ሚሊግራም በኪሎ። ሬዚደንቷ ልብ ውስጥ ያለው ሚሊግራም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሚሊግራም በኪሎ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ልዩነቱ አንድ እዝባርና ሁለት ፊደል ነው።

ኮምፒውተር ሒሳብ ላይ አይለግምም። 160ን በ38.6 አባዛው። ከ6,000 ሚሊግራም በላይ ሆነ። ያንን ባለ 160 ሚሊግራም ኪኒን ወደ ቁጥር ለወጠው። 38 ተኩል ኪኒን፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ።

ልጁ 1.4 ኪሎ ቢጨምር ኖሮ የ40 ኪሎው ደንብ አይነካውም ነበር።

ይህን ጉዳይ ስናገር እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ሁለቱ ደንቦች ወረቀት ላይ አይጋጩም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው «ምን ችግር አለው?» ነው የሚለው። የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሬዚደንቷ ስክሪን ላይ፣ ያውም በሁለተኛው ዙር። አንደኛው «በኪሎ አስቢ» ይላታል። ሌላው «ኪሎውን ተዪውና የኪኒኑን ቁጥር ጻፊ» ይላታል። መሐል ላይ ያለችውን ማርሽ የምትቀይረው እሷ ናት፤ ቀይሪ ያላት ግን የለም።

በእኛ ሙያ ደግሞ ሁለተኛው ዙር እምብዛም አይጠናም። ስክሪን ስንፈትሽ «ለዚህ ልጅ ይህን መድኃኒት እዘዢለት» እንላለን። ታዛለች። ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት፣ የት እንደተደናቀፈች እንመዘግባለን። «አሁን ፋርማሲው መልሶብሻል፤ አስተካክዪና ላኪ» የምትለዋ ሥራ ዕቅዳችን ላይ የለችም። ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ አሰልቺ ነገር ናት፤ ማን ጊዜውን ያጠፋባታል? ሐኪም አጠገብ አንድ ቀን የዋለ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው። አዲስ የምታዘው ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውለው የተመለሰ ስታስተካክል ነው፤ እሱንም ስልክ እየጮኸ፣ ሰው እየጠራት።

ክላክስ

ሥርዓቱ ዝም አላለም። መጠኑ በዝቷል ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሬዚደንቷ ዘጋችው። ትዕዛዙ ፋርማሲስቱ ጋ ሲደርስ ለእሱም ማስጠንቀቂያ መጣለት። እሱም ዘጋው።

መጀመሪያ ይህን ስሰማ እኔም «እንዴት ዓይን እያየ!» ብዬ ነበር። ከዚያ ቁጥሮቹን አየሁ። ሆስፒታሉ በዚያን ጊዜ በወር ወደ 350,000 የሚጠጋ የመድኃኒት ትዕዛዝ ያስተናግድ ነበር። ለፋርማሲስቶቹ ወደ ግማሽ በሚጠጋው ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣላቸዋል። ለሐኪሞቹ በወር 17,000 ያህል። ሬዚደንቷንም ቀድመዋት የገቡት «አብዛኛውን ዝለዪው፤ አለዚያ ሥራሽን አትጨርሺም» ብለዋታል። ክፉ ምክር እንዳይመስላችሁ። እነሱም የሥራ ቀናቸውን የሚያልፉት እንደዚያ ነው።

መገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ለእያንዳንዱ ክላክስ ዘወር ቢል አንገቱ ተቆልምሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ አይዞርም። ጆሮው መስማት አቁሞ አይደለም፤ ክላክስ ምንም ማለት እንዳልሆነ ስለተማረ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት በ2014 ታትሟል። የሚያየው መድኃኒትን ሳይሆን አልጋ ዳር ያሉትን ሞኒተሮች ነው። 77 አልጋ፣ 31 ቀን፣ 2,558,760 ማስጠንቀቂያ። ድምፅ የሚያሰሙት ብቻ ለአንድ አልጋ በቀን 187 ይደርሳሉ። ተመራማሪዎቹ አንድ በአንድ ከመረመሯቸው የልብ ምት ማስጠንቀቂያዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ሐሰት ነበሩ።

እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያበሳጨኝ መልኩ ነው። መጠኑን በ39 እጥፍ ያለፈ ትዕዛዝና ለጥቂት ያለፈ ትዕዛዝ የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ መልኩ አንድ ነበር። ጎረቤት ጨው ሊበደር ሲመጣና ቤት ሲቃጠል በሩ እኩል ይንኳኳል እንደማለት ነው።

አንድ የራሴን ነገር ላንሳ። ሥራውን ስጀምር ስለ ማስጠንቀቂያ መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር። «ማስጠንቀቂያዎቹ ምን ያህል ይጠቅሙዎታል? ከ1 እስከ 5» የሚል። ብዙው ሰው 4 መለሰ። አሳምሬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ አለቆቼም ደስ አላቸው። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ከዚያ በኋላ፣ ከዋሽንግተን ብዙ በማይርቅ አንድ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ በሌሊት ሺፍት አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ማየት ጀመርኩ።

እዚያ አንዲት የሀገሬን ሰው አገኘሁ። ሀገር ቤት ነርስ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተው፣ አሜሪካ ከመጡ በኋላ እንደገና ተፈትነው የገቡ ናቸው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁሉ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነው የምንላቸው። መድኃኒት ሊሰጡ መዝገብ ከፍተው ሳለ አንድ ቢጫ ሳጥን ብቅ አለና ጠፋ።

«ሲስተር፣ አሁን የዘጉት ሳጥን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«የቱ ሳጥን?»

«አሁን፣ እዚህ ጋ የነበረው።»

«ሳጥን ነበር እንዴ?»

እየቀለዱ አልነበረም። እጃቸው ዘግቶታል፤ ዓይናቸው አላየውም። እንደገና ከፍተው ሲያዩት ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ እሱን ሁሉ ሳነብ ብውል ነግቶ ሺፍቴ ያልቃል» አሉኝ። ያን ሌሊት ሳጥን በተዘጋ ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር አሰምር ነበር። ገጹ ሲሞላ ተውኩት።

እኚሁ ሴት መጠይቄን ቢሞሉ 4 ይሉ ነበር። ይህ ውሸት አይሆንም። ማስጠንቀቂያ ጠቃሚ ነገር ነው ብለው ያምናሉ፤ እንደሚያነቡትም ያምናሉ። ሰው ስለሚያደርገው ነገር የሚነግርህና የሚያደርገው ነገር ሁለት ስለሆኑ ነው እኛ እንጀራ የምንበላው።

ስካነሩ ልክ ነው አለ

ከፋርማሲስቱ ቀጥሎ ያለው ሮቦት ነው። ኪኒኖቹን ከማከማቻው ይለቅማል፣ እያንዳንዷን በትንሽ ፕላስቲክ ያሽጋል፣ ባርኮድ ይለጥፍባታል። 38 ተኩል ሲሉት 38 ተኩል ይለቅማል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር። ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ምሽት፣ ሴፕትራ እየቆጠረ አሥራ አምስተኛው ላይ የደረሰ የፋርማሲ ቴክኒሺያን «ኧረ ይሄ ነገር ደህና አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ሮቦቱ የገባው ስህተት ለመቀነስ ነው፤ ብዙም ቀንሷል። ከስህተቱ ጋር ግን ያ «ኧረ» የሚለው ሰው አብሮ ወጣ።

ነርሷ ጋ ደረስን። እሷ የዚያ ክፍል ሰው አልነበረችም። የምትሠራው የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ለዚያች ሌሊት ወደዚህ ተልካ ነው። በእሷ ክፍል መድኃኒት በብዛት የሚሰጠው በደም ሥር ወይም በፈሳሽ መልክ ስለሆነ፣ የኪኒን ቁጥር ለዓይኗ አዲስ ነበር። የፕላስቲኮቹን ክምር ስታይ ገርሟታል። ግን አስቡት። ልጁ በሽታው ብርቅ ነው። ሆስፒታሉ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ያልተለመደ መጠን አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪም አዛለች፤ ፋርማሲስት አጽድቋል። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሥራ በዝቶባታል። በእንግድነት በተቀመጡበት ቤት የሞኝ የሚመስል ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ የምትጠይቀው ቀርቷታል። ባርኮዱን ለስካነሩ አስነበበችው። ስካነሩ ልክ ነው አለ።

ስካነሩ አልዋሸም። እሱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ እጅሽ ላይ ያለው ከታዘዘው ጋር አንድ ነው ወይ? አዎ፣ አንድ ነው። ነርሷ በልቧ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው፦ ይህን ለልጁ ብሰጠው ደህና ነው ወይ? ለአንዱ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ለሌላው ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት የሚያሳይ ነገር የለም። «ልክ ነው» ብቻ ነው የሚለው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ልጁ የምሽት መድኃኒቶቹን ወሰደ። ሁሉንም ዋጣቸው። ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ሰውነቱን እየደነዘዘውና እየወረረው እንደሆነ ተናገረ። ነርሷ መጀመሪያ የጠረጠረችው ሆድ የሚያጥበውን ፈሳሽ ነው። ከዚያ የሰጠችውን መድኃኒት መዝገብ መለስ ብላ አየች። 38 ተኩል። አሁን ቁጥሩ ሌላ ቁጥር ሆኖ ታያት። የመርዝ መረጃ ማዕከል ተደወለ፤ ይህን ያህል የወሰደ ሰው ታሪክ እዚያም አልተገኘም። ሊነጋጋ ሲል ልጁን አንዘፈዘፈው፤ ትንፋሹም አስጋ። ባለሙያዎች ተሯሩጠው ደረሱለት። ተረፈ።

የማን ጥፋት?

ይህን ስተርክ ከሚሰሙኝ አንዱ ሁሌም «በቃ ሥልጠና ይሰጣቸው» ይላል። ሥልጠና በሕክምና ሶፍትዌር ዓለም እንደ ጠበል ነው፤ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። የእነዚህ ሰዎች ችግር ግን አለማወቅ አይደለም። ሬዚደንቷ ሚሊግራምና ሚሊግራም በኪሎ እንደሚለያዩ ታውቃለች። ፋርማሲስቱ የሴፕትራ መጠን ያውቃል፤ ያውም 160 ይሁን ብሎ የጻፈላት እሱ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ያመለጠው። ትዕዛዙ ተመልሶ ሲመጣለት የሚጠብቀው 160 ነበር። አየ፤ 160 አለ። የጠበቀውን ያገኘ ዓይን ደግሞ ከዚያ አልፎ አይፈልግም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሰላም ካሳረፉ በኋላ ጎማውን እያጠፉ በሆዱ ያስተኙት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን እንዲያይ ተጠየቀ። አብራሪዎቹ ደክሟቸው ይሆናል፣ ሥልጠና አንሷቸው ይሆናል ሲባል፣ እሱ ወደ አውሮፕላኑ ገብቶ ተቀመጠ። ካረፉ በኋላ የሚታጠፈው የክንፉ ክፍል (ፍላፕ) ማንሻና የጎማው ማንሻ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። የጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ የክንፉ ላይ ደግሞ ትንሽ ክንፍ መሰል ነገር ማስገጠም በቂ ሆነ። እጅ ሳያይ መለየት ቻለ። 160 ሚሊግራምና 160 ሚሊግራም በኪሎ ለእኔ እነዚያ ሁለት ማንሻዎች ናቸው፤ ወደ 70 ዓመት ያህል ዘግይተው ስክሪን ላይ የተተከሉ።

ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ እያየ መቀነስ ጀመረ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ማስጠንቀቂያ መጨመር ማንም አይቃወምም። ማንሳት ግን ፊርማ ይጠይቃል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «ማን ነው ያነሳው?» ይባላላ። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ስብሰባው የሚረዝመው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጊዜ አንዲትን ማስጠንቀቂያ ለማስነሳት ሦስት ስብሰባ ተቀምጠን በመጨረሻ ቀለሟ ተቀይሮ ቀረች።

እኔ በዚያ ስክሪን ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ ብባል ማስጠንቀቂያውን አልነካም። ከሳጥኑ ሥር ውጤቱን በኪኒን አስቀምጠው ነበር፤ ጎላ ባለ ፊደል። «ልጁ በአንድ ጊዜ የሚውጠው 38 ተኩል ኪኒን» ብሎ። ስድስት ሺህ ሚሊግራም ለብዙ ሰው ቁጥር ነው። ኪኒን ግን ሁላችንም በመዳፋችን ይዘን እናውቃለን፤ ጉሮሮ ሲወርድም እናውቀዋለን። አብረውኝ የሚሠሩት ኢንጂነሮች ይህን ሐሳብ ሳቀርብ «ሽሮፕስ? ጠብታስ? የደም ሥርስ?» ብለው ያፋጥጡኛል። ልክ ናቸው። ለሽሮፕ በማንኪያ ይሁን ብያለሁ። ለደም ሥር ገና እየተከራከርን ነው።

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ ግን በመድኃኒት ስክሪን ጥናት ላይ የማልዘለው አንድ ሙከራ አለ። ወጪ የለውም። ስክሪኑን በወረቀት አትሜ እሰጣለሁ፤ ከዚያ «ይህን ትዕዛዝ ለሥራ ባልደረባዎ በስልክ እንደሚነግሩ አድርገው ያንብቡልኝ» እላለሁ። ሌላ አልጠይቅም። መድኃኒቱን ይጠራሉ። ቁጥሩን ይጠራሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ የምጠብቀው መለኪያዋን ነው።

ሲስተርንም ሞክሬያቸዋለሁ። ሻይ ሰዓት ላይ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ራቅ አድርገው ያዙና አነበቡልኝ፦ «ሴፕትራ፣ መቶ ስልሳ፣ በቀን ሁለቴ።»

«መቶ ስልሳ ምን?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ አዩኝ። ይቺ ልጅ ምን ሆነች የሚል አስተያየት ነው።

«ሚሊግራም ነዋ!»

ወረቀቱን መልሰው አላዩትም። ወረቀቱ የሚለው ሚሊግራም በኪሎ ነው።